ምንም ያላስቀረው ወንፊት

ለእህቴ ልጅ፣ ለነገረኛዋ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትያለሽ? እናትሽ እትዬስ ጉልበቷን ተሻላት? አባትሽስ ያንን ሬዲዮ ጠግኖ ጨረሰ ወይስ ጨረሰው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ይህን ለእትዬ እያነበብሽላት ከሆነ ግን እዚህ ላይ «ሳል ያዘኝ» በያትና የሚቀጥለውን ለብቻሽ አንብቢ። ከፈራሁ ስድስት ቀን ሆነኝ።

ባለፈው «ጋሼ፣ ክሊኒካችን የሚመጡት ሰዎች ስለ ኤችአይቪው ክትባት ይጠይቁኛል፤ መቼ ይደርሳል ልበላቸው?» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ኮምፒውተር ልጠግን የክትባት ምርምር ቤቱ ገብቼ፣ ሰው ሲሠራ እያየሁ ይህን ሙያ የለመድኩ መሆኔን ታውቂያለሽ። ቫይረሱ ከእኔ የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ራሱን በእኛው መዝገብ ላይ ይጽፍና ይደበቃል፤ መልኩንም ይለዋውጣል። እኛ ከብዙ ሕመምተኞች የተገኘውን በኮምፒውተር እያስተያየን፣ የማይለዋወጡ ትንንሽ ቁርጥራጮቹን ለክትባት እንለቅማለን። መጨረሻ ላይ የእኔ ወንፊት አለ። የሰውን አካል የሚመስል ቁራጭ ሲያገኝ ያስቀራል፤ ያለዚያ ክትባቱ ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ሊያስተምረው ይችላል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኩራቴንም ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ረቡዕ ተንኮሌ ተነሳብኝ። ቁርጥራጮቹን በደረጃ የምታስቀምጠው ዶክተር «የእኔ ፕሮግራም አይሳሳትም» ስትል፣ ከቫይረሱ መሀል የሰው ኢንሱሊን ቁራጭ ደባልቄ ላክሁላት። ወንፊቴ ሲይዘው ልስቅባት ነበር። ቁራጩ አለፈ። ያውም በእሷ ደረጃ ሦስተኛ ሆኖ!

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ከፍቼ ሳይ የሰው ፕሮቲኖች ዝርዝር ያለበት ፋይል ቦታው ላይ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ኮምፒውተሩን ሳጸዳ ያዛወርኩት እኔው ነኝ። ወንፊቱ ፋይሉን ሲያጣ አልጮኸም፤ ከባዶ ጋር እያስተያየ «የሚመስለው የለም» እያለ ሁሉንም ሲያሳልፍ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ካለፉት ዝርዝሮች በአንዱ የተሠራው ክትባት በአይጥ ተሞክሮ ደህና ተባለና፣ ባለፈው ወር ለአሥራ ሁለት ፈቃደኞች ተወግቷል። አንደኛው የመሥሪያ ቤታችን በር ጠባቂ ነው፤ ጠዋት ሳልሰድበው የማልገባ ወዳጄ። «ይህ ሁሉ ጡንቻ በር ለመክፈት ብቻ ነው? አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር አውለው» ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ደበቅሁት። ከዚያ ለአለቃችን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፋይሉን መልሼ ስሞክረው ከዚያ ዝርዝር ሁለት ቁርጥራጮች ተያዙ፤ አንዱ የነርቭ ሽፋንን ይመስላል። «መምሰል ብቻውን ጉዳት አይደለም» አለች፤ ግን ወዲያው የፈቃደኞቹን ስልክ ቁጥር መፈለግ ጀመረች። የቀረው መርፌ ቆመ፤ ሁሉም ለምርመራ ተጠሩ። ውጤቱ ሐሙስ ይመጣል።

በር ጠባቂው ትናንት ሐኪሞቹ ሲነግሩት «እሺ» ብሎ ደሙን ሰጥቶ ነበር፤ አልደነገጠም። ዛሬ ጠዋት «እንደምን አደርክ» አልኩትና ላልፍ ስል ፊቴን አየኝ።

«ምነው ሳትሰድበኝ?»

ጠይቆኝ የማያውቀውን መታወቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገሩ ያን ያህል የከፋ ነው እንዴ?»

ፋይሉን ያዛወርኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ግራ እጁን በቀኙ አሸት አሸት አደረገ። «ግራ እጄን ትንሽ ይደነዝዘኛል፤ የብረት በሩ ቀዝቅዞ ይሆናል» አለ ኋላ። «ነገም በዚሁ በር ግባ። ግን ስደበኝ፤ ዝም ስትል ታስፈራኛለህ።»

አንቺ ነርስ ነሽ። ብርድ ሊሆን ይችላል ብለሽ ጻፊልኝ። ዋሽተሽም ቢሆን።

በይ፣ ሳልሽ ይብቃ። ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እትዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ፤ የሚያመውን ትቼ ደህናውን። አማቼን ሬዲዮውን ለአንድ ሳምንት አትንካው፣ ራሱ ይድን ይሆናል በይልኝ። አክስታችን አዲሱን ጥርስ መልመዷን ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ሥጋው ይፍራ። ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብያለሁ። ሥራዬ ደህና ነው፤ እንደ ድሮዬ ጠዋት ጠዋት በር ጠባቂውን እየሰደብኩ እገባለሁ።

ወንድምሽ፣ አጎትሽ

ከመሥሪያ ቤት፣ በሩ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ
ማክሰኞ፣ ጥር ፲፫ ቀን