ግድቡ ላይ የተሰማው ሳቅሽ

ለእትዬ ሊዩ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ? የምትጦሪያቸው ሽማግሌስ አሁንም ሩዙ ጠጠረ እያሉ ያስቸግሩሻል? የታይዋን ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ከዓይኗ ሞራ በቀር ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ጎረቤት ታማለች።

«ምንቃረ ቆልማሞቹ ወፎች መጡ ወይ?» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ትራሴ ሥር ከገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም የዘገየሁት፣ አፍሬ ነው።

ካሴቱን ታስታውሻለሽ? ልትሄጂ ስትይ፣ በመጸው መጨረሻ፣ የባሕሩ ግድብ ሥር ተጋድመን የወፎቹን ጩኸት የቀዳንበትን። መምህር ኪየም የሰጡን የሩቅ ማያ መነጽር አንድ ዓይኑ የጠፋ ስለነበር በየተራ እያየን፣ አንቺ ወፎቹን ስትቆጥሪ እኔ ስጽፍ ነበር። መሐል ላይ ሳል ቢያፍነኝ «ቪን፣ ዝም በል፣ መጡ!» ብለሽ ቆጣ አልሽና ሳቅሽ አመለጠሽ። ያ ሁሉ አብሮ ተቀድቷል።

ዘንድሮ በሙሉ ጨረቃ በዓል ማግስት ጎረቤታችን ባክ የጨረቃ ኬክ ይዞ መጣ። «ሃይፎንግን ቢያስሱ የወፍ ድምፅ እንዳንተ የሚያውቅ አይገኝም፤ እስቲ ለእኛም አሰማን» አለኝ። ምስጋና ስወድ ታውቂኛለሽ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ካሴቱን አዋስሁት። ለአንድ ቀን ብሎ የወሰደውን አልመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ወፍ አጥማጅ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አባቱም በወፍ መረብ ነው ያሳደጉት። ካሴቱን ለምን እንደፈለገው ለማወቅ ስላልፈለግሁ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ንጋት ላይ ለቆጠራ ስነሣ የእማዬ አልጋ ባዶ ነበር። ወደ ግድቡ ሮጥሁ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል፤ እማዬ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ወደፊት ትሄዳለች። ደርሼ ስይዛት «ልቀቀኝ! ሊዩ መጥታለች፣ ስትስቅ ሰማኋት» አለችኝ። አእምሮዋን ሳተች ብዬ ደነገጥሁ። ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የወፎቹ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የእኔ ሳል፤ ከዚያ አንቺ፦ «ቪን፣ ዝም በል፣ መጡ!» እውነትም መጥተው ነበር። ወፎቹ በድምፁ ተታልለው የባክ መረብ ላይ ተንጠልጥለው ይንፈራገጣሉ።

ባክ መረቡን ከሚጠብቅባት ጎጆ ብቅ አለና «ምን ያስቆጣሃል ወንድሜ? እህትህ እኮ ታይዋን ሆናም ለሰፈሯ ሰው ትሠራለች» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቴፑን ከፍቼ ካሴቱን አወጣሁና ክሩን ጎልጉዬ ጭቃ ውስጥ ረገጥሁት። ከመረቡ የቻልሁትን ያህል ፈታሁ። ሰባት በረሩ፤ የቀሩት ክንፋቸው ተሰብሮ ነበር። ጀግና የሆንሁ መስሎኝ ዞር ስል እማዬ እጇን ዘርግታ አየሩን ትዳብሳለች። «አሁን እዚህ ነበረች፤ ምን አደረግሃት?» አለችኝ። 

ባክ ቅጂ ካለው ብዬ ሄጄ ለመንሁት፤ የለውም። እሱም አፍሮ ነው መሰለኝ ሸርጣን በያዘ ቁጥር ለእማዬ ይልካል። እሷ ግን በየንጋቱ በርጩማዋን ይዛ ግድቡ ላይ ትቀመጣለች። ስልክ ስትደውዪማ «ይሄ ቆርቆሮ ነው እንጂ ልጄ አይደለችም» እንደምትል ራስሽ ሰምተሻል።

ትናንት የመጸውን የመጨረሻ ቆጠራ ጨረስሁ። በሄድሽበት ዓመት ደብተሩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ብለሽ አስጽፈሽኛል። ዘንድሮ ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ጎን ዜሮ ልጨምር እጄን በልቶኝ ነበር፤ ግን መምህር ኪየም «ያያችሁትን ጻፉ፣ የተመኛችሁትን አይደለም» ይሉን ነበርና ተውሁት። ይኸው ላንቺም ያየሁትን ጻፍሁልሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ካሴት ቀድተሽ ላኪልን። እኔን መስደብሽ አይቀርም፣ ይገባኛልም፤ ስድቡን በደብዳቤ አድርጊው። ካሴቱ ላይ ግን እንደዚያን ቀን ተቆጪኝና ሳቂ። ሳቁ አልመጣ ካለሽ የእኔን ሳል አስቢ።

መምህር ኪየም ሰላም ብለውሻል፤ እግራቸው ከብዷቸው ከቤት አይወጡም፣ ስለ ዘጠኙ ግን አልደበቅኋቸውም። አክስታችን ትዋ የደረቀ ዓሣ አዘጋጅታ የሚወስድላት መንገደኛ እየጠበቀች ነው። ባክም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ መቀበል አለመቀበሉ ያንቺ ፈንታ ነው። እማዬ ግን ሰላምታ አልላከችም። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ብላት «ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ነገ ጠዋት ግድቡ ላይ አገኛት የለም እንዴ» አለችኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ቪን

ሃይፎንግ
ኖቬምበር 13 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.