ሃያ አምስት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ ዘገየ። የሒሳብ ፈተና ነበር፤ መጥፎ አይደለም። ምሳ የዱር ሩዝ ሾርባ። እማዬ በምትሠራበት የትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ መስኮት በኩል ለሁሉም አንድ ጭልፋ፣ ለእኔ ሁለት ጨለፈችልኝ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ሊያጉረመርም አፉን ከፈተና ማን መሆኔን ሲያይ ዘጋው። ቢያጉረመርም ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፖስታ። ለወይዘሪት ማሪት ሶልበርግ ይላል።

እህቴ ከሞተች ዛሬ አሥራ ሦስት ቀን።

ከፈትኩት። "የላኩት ፎርም ስላልተሟላ ተመልሷል። በሠላሳ ቀን ውስጥ አሟልተው ካልላኩ ለመተንፈሻ ማሽንዎ የሚሰጠው ድጋፍ ይቋረጣል።" አሥራ አራተኛው ጥያቄ በቀይ ተከቧል። ካለፈው ፎርም ወዲህ ሕመምዎ ተሽሎዎታል? ከሆነ ያብራሩ።

አልተሻላትም። ስለዚህ ባዶ ተውነው። ለካ "አይመለከተኝም" ተብሎ መጻፍ ነበረበት።

ተውነው ምን ማለት ነው? የተውኩት እኔ ነኝ። ብዕሩ እኔ እጅ ነበር።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 7

ደብዳቤውን ለእማዬ አላሳየሁም። ሒሳብ መጽሐፌ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 10

አባዬ ግንድ ሊጭን ወጥቷል። እማዬ ተኝታለች። ፎርሙን አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። አሥራ አንድ ገጽ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በዚያች ጉንዳን በምታክል ፊደል፦ "ይህን ፎርም ለመሙላት በአማካይ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ግምት ላይ አስተያየት ካለዎት ይጻፉልን።"

ማሪት በዚህ ነበር የምትስቀው። በየስድስት ወሩ ፎርሙ ሲመጣ የወጥ ቤቱን የዶሮ ሰዓት፣ ያን በዶሮ ቅርጽ የተሠራ ደቂቃ ቆጣሪ፣ ታስመጣኝና ሃያ አምስት ላይ ታስሞላኛለች። እጆቿ ረጅም ጽሑፍ እምቢ ካሏት ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስሜንም ትታ "ጸሐፊ" ነው የምትለኝ።

"ጸሐፊ! ቁጥር አንድ።"

"ስም።"

"እሱን ታውቀዋለህ። ካላወቅከው ከሥራ ተባረሃል።"

የዶሮ ሰዓቱ ሲጮኽ ገና ገጽ ሁለት ላይ ነን። እሷ ግን ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ "በመንግሥት ሰዓት ጨርሰናል! ማነው ኬክ የሚያመጣው?"

ከዚያ የመድኃኒቶቹ ስም። ሐኪም ያየችባቸው ቀናት በሙሉ። የዘጠና ቀን የማሽን ሰዓት፣ አንድ በአንድ፣ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተነፈሰችበት... ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ይዞት የለም እንዴ? ይዞታል። ቢሮው ግን በእጅ ተጽፎ ነው የሚፈልገው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 26

የሥነ ዜጋ መምህራችንን ሚስስ ዳለንን ጠየቅኳቸው። ደብዳቤውን ሳይሆን ግርጌዋን ብቻ አሳየኋቸው። "አስተያየት ካለዎት ይጻፉልን" ሲሉ የምራቸውን ነው?

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። መንግሥት ሰውን ፎርም ከማስሞላቱ በፊት፣ በየሦስት ዓመቱም ሲያድስ፣ ሕዝቡን መጠየቅ አለበት።"

ኮምፒውተራቸው ላይ ፈለጉት። አለ! የእኛው ፎርም፣ በቁጥሩ። ቢሮው ምንም ሳይለውጥ ሊያድሰው ነው። አስተያየት እስከ ኤፕሪል 22። የሚጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ፎርሙ ይጠቅማል ወይ፣ የጊዜ ግምቱ ትክክል ነው ወይ፣ እንዴት ይሻሻል፣ በሚሞሉት ሰዎች ላይ ያለው ሸክም እንዴት ይቀነስ።

"እስካሁን ስንት ሰው ጻፈ?"

"ዜሮ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ኢቫር... ብትጽፍ ሁሉም ሰው ሊያየው እንደሚችል እወቅ። ስምህም፣ የምትጽፈውም። ቤት ተነጋገርበት።"

አትመው ሰጡኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 29

መነጋገር የለም። እማዬ ልብሴን ልታጥብ ቦርሳዬን ስታራግፍ ወረቀቱን አገኘችው። ስመለስ ምድጃው አጠገብ ቆማለች።

"ይኼ ምንድነው?"

"ማስታወቂያ ነው፣ እማ። ስለ ፎርሙ..."

"'ሸክም' ይላል። እዚህም ሸክም፣ እዚያም ሸክም። ስድስት ቦታ ቆጠርኩ። ልጄን ነው ሸክም የሚሏት?"

"አይ፣ እማዬ፣ እሷን አይደለም..."

"ሃያ ዓመት አቅፌ አጠብኳት። ወገቤን አንድ ቀን አመመኝ ብያለሁ? ብያለሁ ወይ?"

አላለችም።

"በወሯ ነው ቁጭ ብለው ሸክም ስንት ኪሎ ነው ብለው የሚጠይቁኝ? አንተ ደግሞ ልትመልስላቸው?"

ወረቀቱን እሳቱ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤውን ግን አላገኘችውም። ማስረዳት ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

ዛሬ አባዬ በበረዶ የተጋገረው ሐይቅ ላይ ያለችውን የዓሣ ማጥመጃ ጎጇችንን ጎትቶ አወጣ። በረዶው መሳሳት ስለጀመረ ሁሉም እያወጣ ነው። ሐይቁ ከቤታችን በመኪና አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። "ና እንሂድ" አለኝ። ሆዴን አመመኝ አልኩት። ውሸት ነው።

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ጃንዋሪ 13 ቅዳሜ ነበር። ፀሐይ፣ ነፋስ የለም። አባዬ ጎጆዋን ጠዋት ሲያሞቅ አርፍዶ ማሪትን ሊወስዳት መጣ። እኛ ገጽ አምስት ላይ ነን።

"ጸሐፊ፣ ተወው። ሐይቅ እንሂድ። ዓሣዎቹ ናፍቀውኛል።"

"ስድስት ገጽ ነው የቀረው። እንጨርሰውና በነፃነት እንሄዳለን።"

"ነገ ብንጨርሰውስ?"

"ነገ ነገ እያልን ባለፈው ጊዜው አልፎብን አልነበር? ዝም ብለሽ ቁጥር ንገሪኝ።"

ዝም ብላ ቁጥር ነገረችኝ። የምወድላት ቀልድ እንኳን አልነበረም። ስንጨርስ ፀሐይዋ ጥድ ዛፎቹ ላይ ደርሳለች፤ ቅዝቃዜው የማሽኗን ባትሪ እንዳይገድለው አባዬ ፈራ። "በሚቀጥለው ቅዳሜ" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆስፒታል ነበረች። ረቡዕ ሞተች።

ፎርሙ አልገደላትም። ሐኪሙም ብሏል፣ ሳንባዋ ነው። ግን ያ ቅዳሜ የእሷ ነበር። እኔ ነኝ ለፎርም የሰጠሁባት። ለዚያውም ባዶ ቦታ ላለው ፎርም።

እሑድ፣ ማርች 24

የማሪትን መሳቢያ ከፈትኩ። የስልክ ማውጫዋ የመጨረሻ ገጽ ላይ የማላውቀው ዝርዝር አገኘሁ። ርዕሱ "የመንግሥት ሰዓትና የእኛ ሰዓት"።

3፡10። 3፡40። 4፡15። 5፡05። 5፡50። 6፡40።

ስድስቱም ፎርሞች፣ እያንዳንዱ የፈጀው ሰዓትና ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ እሷ ራሷ የጻፈቻቸው ናቸው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ፣ አንዱ ቁጥር ሁለት መስመር ይዞ። መቼ ጻፈችው? የመጨረሻው የአባዬ ጽሕፈት ነው።

ጠየቅኩት። "አዎ፣ ያን ቀን ማታ አስጻፈችኝ" አለ። ደግሞም፣ "'ኢቫር አንድ ቀን ይፈልገዋል' አለች። እኔ የቀለደች መስሎኝ።"

"ተቆጥታኝ ነበር?"

"ማን? ማሪት? 'ጸሐፊዬ እንደ በቅሎ ነው፣ መንገድ ከጀመረ አይቆምም' ብላ ሳቀች። በል አሁን እራትህን ብላ።"

ሲደመር ሃያ ስምንት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። በመንግሥት ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6

ጻፍኩ። አራት ገጽ። ቀደድኩ። ስድብ ብቻ ነበር።

እንደገና ጻፍኩ። አሁን ደግሞ የማሽኑ መመሪያ ይመስላል። "ታማሚዋ"... ታማሚዋ ማን ናት?

ሐይቁን ልጻፈው? ካልጻፍኩት ሰዓቱ ቁጥር ብቻ ነው። ከጻፍኩት ደግሞ እኔ ያደረግኩትን አገር ያነበዋል። እማዬም።

ማሪት ሐይቅ እንሂድ ብላ እንደለመነችኝ ለእማዬ ማንም አልነገራትም። ያን ቀን ቅዳሜ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ውድድር ስለነበረበት ሥራ ነበረች።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19

ሦስት ቀን ቀረ። ያለ እማዬ ፈቃድ አልልከውም ብዬ ወስኛለሁ። ያለ እሷ መላክ እንደ ስርቆት ነው።

ከእራት በኋላ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የተመለሰውን ደብዳቤ፣ የማሪትን ዝርዝር፣ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ተኩል።

"እማ፣ አንድ ቃል ብቻ ላስረዳሽ። ሸክም ያሉት ማሪትን አይደለም። ፎርሙን ነው። ሰው ላይ የሚጭነውን ሥራ፣ የሚበላውን ሰዓት፣ እነሱ ራሳቸው 'ሸክም' ይሉታል። ስንት እንደሚከብድ ነው የሚጠይቁት።"

"ራሳቸው ጭነው ራሳቸው ይጠይቃሉ?"

"በየሦስት ዓመቱ።"

አባዬ ከማዕዘን፣ "እኔ ግንድ ጭኜ መኪናውን ከበደህ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም" አለ።

አነበበች። ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች። ሐይቁ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ልሂድ አለችህ?"

"አዎ።"

"እምቢ አልካት።"

"አዎ፣ እማ።"

ወረቀቱን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ተቆጣች፣ አለቀ አልኩ። ከሥራ ቦርሳዋ የኪስ ቀን መቁጠሪያ ይዛ ተመለሰች።

"ይኼ ሒሳብህ ጎዶሎ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ስልኩ። በምሳ እረፍቴ ስደውልላቸው የጠበቅኩት። 'ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው' እያለ ያ ሙዚቃ... አንድ ቀን ሾርባ ጨልፌ ስጨርስ ገና ይዘፍናል።" የቀን መቁጠሪያውን ገለጠች። በየቦታው ትንንሽ ቁጥር። "ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ለማን እንደምከስም አላውቅ። ደምርልኝ።"

ደመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

"ከእሷ ሰዓት ጋር?"

"ሠላሳ ስምንት። ልክ ሠላሳ ስምንት ሰዓት።"

ብዕሬን ወስዳ "ታማሚዋ" የሚለውን ሰርዛ ከላዩ "ማሪት" ብላ ጻፈች። አምስት ቦታ። አንዱም አላመለጣት።

ከዚያ ሳታየኝ፣ "እኔም ያን ቀን ከሥራ ደውዬ 'ፎርሙን ጨረሳችሁ ወይ' ብያታለሁ" አለች። "ሦስት ጊዜ።"

ይኼን አላውቅም ነበር። ማሪትም አልነገረችኝም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ተላከ። ለመድረሱ ማረጋገጫ ረጅም ቁጥር ሰጡኝ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ ላስቀምጣቸው፦

"ግምታችሁ ትክክል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አይደለም። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ እህቴ ሐይቁን ታየው ነበር።"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

ምንም የለም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3

ማሪት ዛሬ ሃያ አንድ ትሆን ነበር። እማዬ ኬክ ጋገረች። በላን። ጥሩ ኬክ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

መንጃ ፈቃድ አገኘሁ። አባዬ፦ "አሁን ዛፎቹ ይጠንቀቁ።"

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ሚስስ ዳለን ከክፍል አስቀሩኝ። ሁለተኛው ማስታወቂያ ወጥቷል። በግማሽ ገጽ ሦስት መስመር፦

"አንድ አስተያየት ደርሷል። አስተያየት ሰጪው የጊዜ ግምቱ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጿል። ቢሮው አስተያየቱን መርምሮ ግምቱን ከ25 ወደ 40 ደቂቃ አሻሽሏል፤ በጥያቄ 14 ባዶ መልስም ተቀባይነት ይኖረዋል።"

አንድ አስተያየት። እኛ ነን። ስሟ የለም፣ ሐይቁ የለም፣ ሠላሳ ስምንቱ ሰዓትም የለም።

ሚስስ ዳለን፣ "ኢቫር፣ ይኼን ፎርም አራት መቶ ሺህ ሰው ይሞላዋል። አሥራ አራት ባዶ ስለሆነ ከአሁን በኋላ ለማንም አይመለስም" አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ።

ቤት ነገርኳቸው። እማዬ ማጠቢያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ሰማች። አባዬ በጣቱ ቆጠረ።

"አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የጨመሩት?"

"አሥራ አምስት።"

"በአሥራ አምስት ደቂቃ የት ይደረሳል?"

"ሐይቁ ጋ" አለች እማዬ፣ ሳትዞር።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

በረዶው ጸንቷል። አባዬ ጎጆዋን ትላንት አቆማት። ዛሬ እኔ ነዳሁ፣ እማዬ አጠገቤ። በረዶው ላይ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አባዬ ማሪትን ሲወስዳት እሷ ቤት ሥራውን ትይዝ ነበር።

ጎጆዋ ውስጥ ማሪት ተሽከርካሪ ወንበሯን ታስቆምበት የነበረ ቦታ አለ፣ መስኮቱ ጋ። እማዬ ያን ቦታ አየችና እዚያው ተቀመጠች። ከካፖርቷ ኪስ የዶሮ ሰዓቱን አወጣች። ሃያ አምስት ላይ ሞላችው።

ስለ ምንም አወራን። ስለ ጎረቤት ውሻ። አባዬ አንድ ዓሣ ያዘ፣ ትንሽ ስለሆነ መለሰው። "ሂድና ፎርም ሙላ" አለው። እማዬ ሳቀች። የሳቋን ድምፅ ረስቼው ነበር።

ሰዓቱ ጮኸ።

"በመንግሥት ሰዓት ጨርሰናል" አለች።

ማንም አልተነሳም።