የአቶ ለጊዜው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ሰው የተወለዱት በ1944 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ለቤተሰቡ ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ ታላቅ እህታቸው በሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል። ትምህርት ቤት የገቡት ግን በአንድ ቀን፣ የተቀመጡትም በአንድ ዴስክ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ እህታቸው አንደኛ፣ እሳቸው ሃያ ሦስተኛ ወጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ ሦስተኛም የወጡት ከእህታቸው እየገለበጡ ነው።

ሰባተኛ ክፍል የሚገኘው ሩቅ ከተማ ነበር። እዚያ የሚኖሩት አጎታቸው ያላቸው ትርፍ አልጋ አንድ ብቻ ነው። አባታቸው አሰብ አድርገው፣ «ለጊዜው እሷ ትቆይ» አሉ። እሳቸው ሄዱ፤ እህታቸው ከአባታቸው ስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ።

በ1966 ዓ.ም. በሥራ አመራር ዲፕሎማ ተመርቀው በልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኑ። በሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ማመልከቻ ሲመልሱ «ለጊዜው አልተቻለም» ብለው ስለሚጽፉ ሠራተኛው «አቶ ለጊዜው» ይላቸው ነበር። ስሙን ያወጡላቸው በተለይ ሴቶቹ ናቸው። ሴት በመመለስ ረገድ እሳቸው ሀብታምና ድሃ አልለዩም። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ የምሕንድስና ዲግሪዋን ይዛ ምርት ክፍል ልግባ ስትል፣ አባቷን አሳምነው እንግዳ መቀበያ አስቀመጧት፤ አራት ዓመት ስልክ ስታነሳ ኖረች።

በ1973 ዓ.ም. መምህርት አግብተው አንድ ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸውም ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ለጊዜው ማስተማሩን ይተዉ ተባሉ፤ ተዉ፤ አልተመለሱም።

እህታቸው በዚያው ፋብሪካ ስፌት ክፍል ይሠሩ ነበር። ክር ማስገባት የማያውቁ ዘጠኝ ወንዶች አሠልጥነው፣ ዘጠኙም የስፌት መስመር ኃላፊ ሆነው አለቃ ሆኑባቸው። በ1985 ዓ.ም. ለኃላፊነቱ ቦታ ራሳቸው አመለከቱ። ወንድማቸው በገዛ እጃቸው፣ «የአመልካቿ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ ለጊዜው አልተቻለም» ብለው ፈረሙበት። እህታቸው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጡረታ እስኪወጡም ነገሩን አላነሱት። ይህን መጻፍ ጽሑፉን ላዘጋጀችው ለሟቹ ሴት ልጅ ቀላል አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. አቶ ለጊዜው ኩላሊታቸውን ታመሙ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያስታመሟቸው እህታቸው ናቸው። አንድ ቀን እህታቸው መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ እሳቸው ሴት ልጃቸውን ጠርተው፣ «ስቀበር ሰዓት አክባሪነቴን ብቻ እንዳታወሪ። የእህቴን ዕድል ወስጄ፣ አልተማርሽም ብዬ መለስኳት። እሷው ባለችበት ይነበብልኝ። ይቅር በይኝ ልላት አፌ እንቢ አለኝ» አሉ። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ እህታቸው አይተው አሥራ አንድ የፊደል ስሕተት አረሙ፤ አንድም መስመር አልሰረዙም። «እኔው አነበዋለሁ» ያሉትም ራሳቸው ናቸው፤ አሁን በፊታችሁ ቆመው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው፣ «አክስቴ፣ ይቅር ብለሽዋል?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «አንብቤ ስጨርስ እነግራችኋለሁ» አሏት።

አንብበው ጨርሰዋል።