በአክስትህ ስም የተቆጠረው ኮከባችን

ውዴ ይመር፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማይመጣበት ጥያቄ አንተም አትወድም ነበር። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ደህንነታችንን ለመንገር ብቻ አይደለም፤ አደራህን በልቻለሁ። ለሰው እንዳልናገር ያስማልከኝን ነገር በሽማግሌ ፊት ዘረገፍኩት። ይቅር በለኝ እላለሁ እንጂ እንዳልተጸጸትኩ ከወዲሁ እወቀው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከደጃችን እስከ ገበያው ኮብልስቶን ተነጥፏል። ድንጋዩን የጠረቡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ብታየው ኖሮ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ እየተራመድክ ጠማማውን ሁሉ በጫማህ ጫፍ ትነካካ ነበር። ክረምት የጎረቤቶቻችን አጥር ሲናድ አንተ የገነባኸው የጓሮ ግንብ ንቅንቅ አላለም፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ሲያየው እኔ የገነባሁት ይመስል ስኮራ ከረምኩ። እኔ እንደ ድሮዬ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጃችን መሠረት ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ሳይኮሎጂ ደረሰኝ ስትል የእብድ ሐኪም ልትሆኚ ነው ወይ ብለህ የሳቅክባት ትምህርት ጭንቅላቷን ይዞታል።

ለፋሲካ መጥታ በክፍላቸው ስለተደረገ ክርክር ነገረችኝ። የሰው ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ ደሙ፣ አስተዳደጉ፣ የተመሰገነበትና የተመታበት ነገር አስቀድሞ ወስኖታል የሚሉ ሊቃውንት አሉ አሉ። ምክንያቱን ሁሉ ያወቀ ሰው ነገ የምታደርጊውን ዛሬ ይነግርሻል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ ሰው መሃል ላይ ቆሞ ይመርጣል ይላሉ። መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ሲያከራክር እሷ የደረሳት የመጀመሪያው ወገን ነበር። ረታች፤ ረትታም አልቀረች፣ አምናው መጣች። ይሄማ የደብተራ ኮከብ ቆጠራ ነው፣ ኮት አልብሳችሁት እንጂ አልኳት። ሳይንስ ነው እማ ብላ ተቆጣችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ መጣባት። ልጁ ጌታቸው ይባላል፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፤ ለካ ከእሷ ጋር ቀድመው ተነጋግረዋል። ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ነው። ሁሉም ነገር ሰመረና የልጁ አባት አቶ ሙላት በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ኮከባቸው ይቆጠር አሉ። ይህን ጊዜ መሠረት ጓዳ ገብታ ነደደች። ሰው ምርጫ የለውም ስትል የከረመችው ልጅ ኮከብ ሊመርጥልኝ ነው ወይ እያለች ስታለቅስ ሳቄ መጣ።

የሚቆጠረው በራስና በእናት ስም ነውና፣ የእሷንና የእኔን የክርስትና ስም ጠየቁን። እውነቱን ልንገርህ፣ የእኔ ባይገጥምስ ብዬ የእህቴን ስም ልሰጣቸው ነበር። ማን እንዳስተማረኝ አንተው ታውቃለህ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው የተጋባነው። አባቴ ኮከባችሁ ካልተቆጠረ ልጄን አልሰጥም አለ። አንተ ቀድመህ ለብቻህ ደብተራ ዘንድ ሄደህ አስቆጥረህ ኖሯል፤ እሳትና ውሃ ናችሁ፣ አምስት ዓመት አትዘልቁም ብሎህ ኖሯል። እናትህ በልጅነትህ ስለሞቱ በእኛ አገር ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ የእናትህን ስም ሲጠይቅህ ያሳደጉህን የአክስትህን ስም ሰጠኸው። በእሳቸው ስም ሲቆጠር ውሃና መሬት ሆንን። አባቴ ደስ ብሎት ፍየል አረደ።

በሦስተኛው ዓመት ያን ኩርፊያህን ይዘህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳታናግረኝ ስትቀር፣ መሠረትን አዝዬ ወደ አባቴ አገር ወደ ከለላ መንገድ ጀመርኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኮከባችን የገጠመ ነው፣ ይሄ ያልፋል አልኩና ተመለስኩ። ከሥራ ስትገባ ምሳህ ቀርቦ ስለጠበቀህ መሄዴንም አላወቅክም።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት የጓሮውን ግንብ ስትሠራ ጠራኸኝ። እጅህ ሲሚንቶ እንደያዘ ሁሉንም ነገርከኝ። «በውሸት አስሬሽ መኖር ሰለቸኝ። አሁን አውቀሻል፤ እሄዳለሁ ካልሽ በሩ ክፍት ነው» አልከኝና ወደ ድንጋይህ ተመለስክ። አንዱን ድንጋይ ሦስቴ አንስተህ ሦስቴ መልሰህ ስታስቀምጥ ግን አይቻለሁ። ሦስት ቀን ምግብህን እያቀረብኩ ፊቴን አዞርኩብህ። በአራተኛው ቀን መርፌዬን ይዤ መጣሁና ክር አስገባልኝ አልኩህ። እርቃችን እሱ ነበር፤ ለሰው እንዳልናገር ያስማልከኝም የዚያን ዕለት ነው።

እና ይመር፣ ለአቶ ሙላት ትክክለኛ ስሜን ሰጠኋቸው። ውጤቱ ነፋስና መሬት ሆነ፣ አይገጥምም ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከደብተራው ዘንድ ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ቤታችን ተመለሱ። ጋሽ ሰይድ አብሽሪ፣ አላህ ያለው አይቀርም ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አቶ ሙላት መሬት መሬት ያያሉ። መሠረት በሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ያኔ አላስቻለኝም። የአክስትህን ስም፣ ወንዙን፣ ግንቡን፣ ሁሉንም አወጣሁት። እሳትና ውሃ ሆነን ሃያ ዓመት ኖረናል፣ ከዚህ የበለጠ ምን ልቁጠርላችሁ አልኳቸው።

ልጅህ መቼም ልጅህ ናት፤ ሽማግሌ ፊት መሆኗን ረስታ ተከራከረችኝ። እማ፣ ኮከቡ ውሸት ቢሆንም ማመንሽ እውነት ነው፣ ከወንዙ የመለሰሽ እምነትሽ እንጂ ምርጫሽ አይደለም አለች። የሚያገባትን ልጅ ልታጣ ደርሳ እንኳ ክርክር አይቀርባትም። እኔም፣ «እሺ፣ ከወንዙ የመለሰኝ እምነቱ ይሁን። ካወቅሁ በኋላ የኖርኩት ሰባት ዓመትስ የማን ነው?» አልኳት። መምህሯ ያስተማራት መልስ እንዳላት ዓይኗ ላይ አየሁ። ግን ዋጠችው።

አቶ ሙላት ቀና ብለው በሰባቱ ዓመት ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ ወይ አሉኝ። ከበፊቱ በላይ ተጣልተናል አልኳቸው፤ በፊት ኮከቡ ይችልልኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን የቻልኩት እኔ ነኝ። ሳቁ። ቀጥለው ልጆቹ ይጠየቁ አሉ። ጌታቸው ከውጭ ተጠርቶ ገባ። ሁለቱም እሺ አሉ። ሠርጉ ከተመረቀች በኋላ በጥር ነው።

እንግዲህ አገሩ ሁሉ አማቹን ያታለለው ይመር እያለ ያማሃል። ይማህ። እኔ የምኮራው ስላታለልከው አይደለም። ያቺ ውሸት እስክትሞት ልታኖርህ ስትችል፣ ማንም ሳያስገድድህ በሩን ከፍተህልኝ ጀርባህን ሰጥተህ በመቆምህ ነው። እንዲህ ያለ ባል ስንቷ አግኝታለች?

ተዝካርህን አውጥቻለሁ። እሱን አገር ይጠብቀዋል፤ ባላወጣ ስሜ በክፉ ይነሳ ነበር። አንተን ማስታወሱን ግን ማንም አላዘዘኝም። ዓይኔ ደክሟል፤ ጧት ጧት በረንዳው ላይ ክር አልገባ ሲለኝ ይመር ብዬ እጣራለሁ። መሠረት ልማድ ሆኖብሽ ነው እማ ትለኛለች። ትበል። እኔ ግን እንደሌለህ አውቄ ነው የምጠራህ፤ እስካለሁም እጠራሃለሁ።

ሚስትህ ዘነቡ
መካነ ሰላም