በራችን ላይ ያለው ስም

ጥቅምት 14

የማታ ትምህርት ጨረስኩ። ሁለት ፊደል ነው የቆጠርኩት፣ የኛንም የስዊድኖቹንም! ከሰፈራችን ከብሬዴንግ እስከ ሶደርማልም ድረስ ባቡሩ ውስጥ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ... የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሳይቀር። ለተጂቱ ብነግራት፣ "ለጥርስ ሳሙና ነው ይሄን ሁሉ ማታ ያመሸኸው?" አለችኝ። ሚስት!

እማማ ሴልማ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የማግዛቸው አይሁዳዊት አሮጊት፣ ዛሬም የዘመዶቻቸውን ፎቶ ዘረጉልኝ። አያታቸው ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው እየዞሩ ሲሸጡ ኖረው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ገቡ። ለመንደሩ የመጀመሪያው አይሁዳዊ። በራቸው ላይ ስማቸውን በትልቁ ጻፉ። እንደኔ ጉረኛ ነበሩ ማለት ነው።

ጥቅምት 24

ደግሞ ሰው በጥይት ተመታ። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ነው፣ ፀጉረ ጥቁሩን መጤ እየመረጠ የሚተኩሰው። ከመመታታቸው በፊት ከጠመንጃው የሚወጣ ቀይ መብራት ገላቸው ላይ ያዩ አሉ... ፈርቼ አይደለም። ብቻ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። የትራፊኩ ቀይ ሲበራ ጎንበስ ማለቴን ለተጂቱ አልነግራትም።

ኅዳር 2

ጠዋት ልጃችን ሶረቲ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ስማችንን ከበሩ አነሳሁ። "ስቬንሶን" ብዬ የስዊድን ስም ለጠፍኩ። ጽሕፈቴን የስዊድን ንጉሥ ቢያየው ይቀናል!

ለእማማ ሴልማ ጉራዬን ነዛሁ። አልሳቁም።

"አያቴም መስኮታቸው በድንጋይ ሲሰበር የስዊድን ስም ሰቀሉ።"

"ከዚያስ?"

"ሌላው መስኮት ተሰበረ። ድንጋይ ወርዋሪ መቼ ስም ያነባል? ስም የሚያነበው ዘመድ ነው። ወንድማቸው ከሩቅ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ በሩን አንብቦ፣ ሰው መጠየቅ ፈርቶ ተመለሰ። በዚያው ሳይገናኙ ቀሩ።"

"እኔ ወንድም የለኝም" ብዬ ቀለድኩ።

ቤት ስደርስ ሶረቲ የለችም። ሰባት ዓመቷ ነው... ውጭው ጨልሟል። የት ሄደች? ደረጃውን እየጮህኩ ወጣሁ፣ ወረድኩ። መንገድ ተሻገርኩ፣ በዚያ ሁሉ መብራት ሥር። ቆቤ የት እንደወደቀ አላውቅም። አምላኬ፣ እኔን ይምታኝ... እኔን።

ምድር ቤት ነበረች። ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከማሽኑ ኋላ ኩርምት ብላ።

በስዊድንኛ ነው የነገረችኝ። "በራችን የሌላ ሰው ሆነ። ጥላችሁኝ የሄዳችሁ መሰለኝ።"

ተሸክሜያት ወጣሁ።

ኅዳር 3

ጠዋት ተጂቱ ወረቀቱን ገንጥላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አንተ ነህ የጻፍከው?"

"አዎ።"

"ያምራል። አሁን ደግሞ የኛን ጻፍ።"

ጻፍኩ፣ ከራሴ ጀምሬ። ተገኝ። ተጂቱ። ሶረቲ። ተኳሹ ሰውዬ አልተያዘም... አንድ ፊደል በጻፍኩ ቁጥር ወደ መስኮቱ ቀና እላለሁ። ሶረቲ ወንበር ላይ ቆማ ስትለጥፈው፣ እኔ ጀርባዬን ለደረጃው መስኮት ሰጥቼ ጋረድኳት።

"አባ፣ ፊደሉ ጠማማ ነው" አለችኝ፣ በአማርኛ።

እውነቷን ነው። ንጉሡ አይቀናም።