የወንጌላዊ ሀብቴ ሦስተኛ አንጓ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1996፣ ወልቂጤ

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እማማ በላይነሽ እጄን ይዘው ሲለምኑኝ ግን አፌ ቀደመኝና «አመጣልዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደረጀ እስከ ማረፊያችን ድረስ አላናገረኝም። ባሌ ሲናደድ ኪቦርዱን ይወለውላል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ወልውሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየከተማው እየዞርን እናገለግላለን፤ እኔ እዘምራለሁ፣ እሱ ይጫወታል፣ ይቀርጻል። ዘንድሮ የያዝነው ሥራ፣ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ሳለ በየሰው ጓሮ ይዘመሩ የነበሩትን የድሮ መዝሙሮች ሰብስቦ በካሴት ማውጣት ነው። አሥራ አንድ አግኝተናል። አሥራ ሁለተኛው የወንጌላዊ ሀብቴ «በጓሮ በር ግባ» ነው። እማማ በላይነሽ ሚስታቸው ናቸው። ሁለት አንጓ አውቀው ዘምረውልናል። ሦስተኛውን ባላቸው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ቡታጅራ አካባቢ ተደብቀው ሳሉ እንደጨመሩት ሰው ነግሯቸዋል እንጂ ሰምተውት አያውቁም። ወንጌላዊው እዚያው ተያዙ። እስር ቤት ሞቱ።

ሴትዮዋን የሚያንገበግባቸው መዝሙሩ ብቻ አይደለም። ባላቸው ሊወጡ ሲሉ ተጣልተው ነበር። «ስለ ልጆቹ ብለህ ተወው አልኩት። ዝም አለኝ። ስነቃ የለም። ተቀይሞኝ ነው የወጣው» አሉኝ። ይህን ሲሉ አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ልባቸው ታሟል፣ ሐኪሙም ለልጃቸው ለሰናይት የነገራት ጥሩ ነገር አይደለም። «እኔን ሲል የተናገረው ነገር ካለ እዚያ ውስጥ ነው» ይላሉ ስለ ሦስተኛው አንጓ። ባይኖርስ? ክፉ ቃል ቢሆንስ?

ሰኞ ተመልሰን እዚህ መገኘት አለብን። ጌታ ሆይ፣ ይህን አፌን አንድ ቀን ትዘጋልኛለህ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7፣ ቡታጅራ

በአይሱዙ ጋቢና፣ በአረቅጥ በኩል መጣን። ወገቤ የራሴ አይመስለኝም።

ዛሬ የማመሰግንባቸው፦
የአረቅጥ ብርድ ጉሮሮዬን አልዘጋውም።
የካሴቱ ሳጥን አልረጠበም።
ሹፌሩ ድምፅ ሳሟሙቅ መንዙማውን ዝቅ አደረገልኝ። ከዚያ «ይቺ ዜማ ጥሩ ናት፣ ድገሚያት» አለኝ።
ደረጀ አኩርፎ መቆየት አይችልም። ቁልቁለቱ ላይ ሳቀ።

ያረፍነው ጋሽ ክፍሌ ቤት ነው፤ የአጥቢያው ሽማግሌ ናቸው። መዝሙሩን ሲሰሙ ወዲያው አወቁት። በእንሴኖ መንገድ ካለችው መንደር ያሉ አሮጊቶች ሦስተኛውንም ያውቁታል አሉ፣ ነገ ወደ ጸሎት ቤቱ ሊያስመጡልኝ። ይህን ያህል ይቀላል ብዬ አልጠበቅሁም። አመሰገንኩና ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

ተቀረጸ! ለካ ደረጀ በከንቱ ነው የወለወለው።

ሦስት እናቶች መጡ። አለቃቸው እማማ ደስታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚያዩትን ሁሉ የሚመርቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ደረጀ ማይኩን አቆመ፣ ኪቦርዱን ከፈተ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልሄደም። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ሌላ ቃል ታስገባለች፣ ሦስተኛዋ ትስቃለች። ሁለተኛውን አንጓ እየተደነቃቀፉ ጨረሱ። ሦስተኛው ላይ ዝም።

እኔ መጠበቅ አልችልበትም። «ምናልባት እንዲህ ይሆን?» ብዬ ስለ ተከፈተ ወኅኒና ስለ ንጋት ኮከብ አንድ ሁለት ስንኝ ከራሴ ወረወርኩ፣ ለማስታወስ ይረዳቸዋል ብዬ። እማማ ደስታ ፊታቸው በራ። «አዎ፣ እንደሱ ነው ልጄ፣ ልክ እንደሱ ነው» አሉ። ሁሉም «አዎ፣ አዎ» አሉ። ከዚያ ተከትለውኝ ዘመሩት፣ ባማረ ድምፅ። ደረጀ በጣቱ ጨረስን አለኝ።

እንዴት ያለ ጸጋ ነው ብዬ ራሴን ሳደንቅ ዋልኩ። ወንጌላዊው ያሰቡትን እኔም አሰብኩት ማለት ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ማፈር ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ቁርስ ላይ ጋሽ ክፍሌ እየሳቁ፣ እማማ ደስታ ትናንት ወደ ቤት ሲመለሱ ያሉትን ነገሩኝ። «እንግዳዪቱ ልጅ ሦስተኛውን ጥሩ አድርጋ ሠራችልን፤ የድሮውን እኛ ረስተነው» ብለዋል። ቁርሱን ትቼ ተነሳሁ።

በጋሪ እማማ ደስታ ቤት ድረስ ሄድኩ። እማማ፣ ለምን አይደለም አላሉኝም አልኳቸው። እሳቸው ጭራሽ ጥያቄዬ ነው የገረማቸው። ከወልቂጤ ድረስ መጥተሽ፣ ደክመሽ፣ ሰው ፊት ቆመሽ ስትዘምሪ አይደለም ብዬ ላሳፍርሽ ኖሯል? አሉኝ። ሌሎቹም የተስማሙት በዚሁ ነው። እዚህ አገር እንግዳን አያርሙም። እኔም እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ!

የራሴን ድርሰት የባላቸው ቃል ነው ብዬ ለእኚያ ለታመሙ ሴት ላሰማቸው ነበር። ያውም ስለ ንጋት ኮከብ። አምላኬ ሆይ፣ በጋሽ ክፍሌ ሳቅ አዳንከኝ።

ደረጀ ካሴቱን አወጣና በስክሪብቶ «የባለቤቴ ድርሰት፣ አይሸጥም» ብሎ ጻፈበት። ስቄ ስቄ በመጨረሻ አለቀስኩ።

እማማ ደስታን በድጋሚ እንሞክር ስላቸው ነገ እንሰት እንፍቃለን፣ አይመቸንም አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ከፈለግሽ እዚያው ነይ። የዘመርነውም እዚያ ነው» አሉኝ። ደረጀ ግን መግባት አይችልም። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም።

የመቅረጫ ማሽኑን እኔ ልይዝ ነው ማለት ነው። ባለፈው ፋሲካ የነካሁት ዕለት አንድ ሙሉ ስብከት አጥፍቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

ቀስ ብዬ ልጻፈው። እጄ አሁንም ቆጮ ቆጮ ይሸታል።

ደረጀ አጥሩ ድረስ ሸኘኝና ሦስት ጊዜ አስጠናኝ። ቀዩንና ጥቁሩን ቁልፍ አንድ ላይ። አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገብቷል። ትንሿ መርፌ ከተንቀሳቀሰች ድምፅ ይገባል። «ከዚያ አትንኪው» አለኝ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ።

ጓሮው በእንሰት ተከቧል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። አራት ሳንቃ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ሴቶቹ ቅጠል ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተዋል፤ በተረከዛቸው እንሰቱን ሳንቃው ላይ ረግጠው በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል ይገፉታል። ሦስቱ የሐሙሶቹ ናቸው። አራተኛዋ ጎረቤታቸው እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ዝምተኛ። አሰላሙ አለይኩም ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያኔ እንዴት እንደነበር እማማ ደስታ እየፋቁ ነገሩኝ። አምስት ሰው ከተሰበሰበ ስብሰባ ነው፣ ያስይዛል። እንሰት መፋቅ ግን ሥራ ነው። የቀበሌው ሰዎች ደግሞ ወንዶች ናቸው፣ ወደዚህ ድርሽ አይሉም። እና ቤተ ክርስቲያናቸው ይኸው ጓሮ ሆነ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩት። ጮክ ብለው አይደለም፣ ከደረታቸው። ፋቅ ሲያደርጉ ቃሉ ይወጣል፣ መፋቂያው ሲመለስ ይተነፍሳሉ። ሐሙስ የተደነቃቀፉበት ቦታ ሁሉ ሜዳ ሆነላቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸውን አሳስሬ አስቀምጬ ነው ለካ መዝሙሩን የነጠቅኋቸው። ዜማው ደረጀና እኔ ከምንጫወተው በጣም ይዘገያል። ቀዩንና ጥቁሩን ተጫንኩ። መርፌዋ ተንቀሳቀሰች።

አንደኛው አንጓ። ሁለተኛው። «በጓሮ በር ግባ፣ ደጁ ቢዘጋብህ።» ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቃል ቀረ፤ መፋቂያው ብቻ ቀጠለ። ይህን አንጓ የምታወጣላቸው ሌላ ሴት ነበረች፤ አምና አርፋለች። እነሱ አዝማቹን ነበር የሚቀበሉት።

ተስፋ ቆረጥኩ። የእማማ በላይነሽ ፊት መጣብኝ። ይህ አንጓ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ነገርኳቸው፤ እማማ በላይነሽ በሕይወት እንዳሉ፣ እንደታመሙ፣ ባላቸው ተቀይመውኝ ወጡ ብለው እስከ ዛሬ እንደሚያምኑ።

እማማ ዘይነባ መፋቂያቸውን አቆሙ።

«ሚስቱ አለች?» አሉኝ።

አለች አልኳቸው።

እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ። ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩ። ወንጌላዊ ሀብቴ ሦስት ሳምንት የተደበቁት እሳቸው ቤት ነበር። የሙስሊም ቤት ማን ይፈትሻል ብለው ባለቤታቸው ናቸው ያስገቧቸው። ሀብቴ ከግድግዳው በስተጀርባ ሆነው ያንጎራጉራሉ፣ ሴቶቹ እዚህ እየፋቁ ይቀበላሉ። ሊያዙ ሰሞን ይህን አንጓ ለእማማ ዘይነባ ደጋግመው አስጠኗቸው፣ ወልቂጤ ለሚስቴ አድርሽልኝ ብለው። እሳቸውም አንድ ነጋዴ ላኩ፤ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ተመለሰ። እማማ በላይነሽ ያኔ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ሸሽተው ነበር። ከዚያ በኋላ ይኑሩ ይሙቱ ለእማማ ዘይነባ የሚነግራቸው አልተገኘም።

«ሃያ ምናምን ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አሉ። «ወላሂ አንዲት ቃል አልጣልኩም። አማና ነው፣ አደራ።»

ማሽኑን ላጥፋው ወይ አልኳቸው፤ ድምፃቸው መዝሙር ካሴት ላይ እንዲገባ እንደማይፈልጉ ገምቼ። አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ አልዘምርም፤ ሃይማኖቴ አይደለም። ይሄ ግን መልእክት ነው። ከተላከው ሰው አፍ ትስማው።» ወደ ማይኩ ጠጋ አሉና፣ እንደሚቆጥር ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩት፦

በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ስወጣ፣
ከጣፈጠው እንቅልፏ ላስነሳት አልቻልኩም፤
ሳልሰናበታት ፀሐዬ ብትገባ፣
ጌታ ሆይ ንገራት፣ እኔ አልተቀየምኩም።

ከዚያ እማማ ደስታ መፋቂያቸውን አነሱ። ሁለቱም ተከተሉ። እማማ ዘይነባ አንድ አንድ ስንኝ እያቀበሉ፣ እነሱ እየተቀበሉ ዘመሩት። ካሴቱ ላይ የኔ አፍንጫ ይሰማል። ደረጀ ይህንን ማጥፋት ይቻላል ብሎኛል፣ እኔ ግን እንዲጠፋ አልፈልግም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11

ጠዋት ጸሎት ቤት አገለገልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፣ ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ።

ከሰዓት እማማ ዘይነባን ልሰናበት ሄድኩ። ምን ይዤላቸው እንደምሄድ ግራ ገብቶኝ አንድ ኪሎ ስኳር ያዝኩ። ለእማማ በላይነሽ የሚሉት ካለ ጠየቅኋቸው። ዘግይቻለሁ፣ አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ አሉ። ትናንት ማታ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኙም ነገሩኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። የታመመ ልብ ነው። ደስታም ቢሆን ይከብዳል አይደል? ለሰናይት በጋሽ ክፍሌ ስልክ ደወልኩላት፣ ሐኪሙን ትጠይቅልኝ ብዬ። እሷ ግን «እናቴ የታመመችው በዚህ ነገር ነው፤ አምጪው» አለችኝ።

ደረጀ ካሴቱን በሁለት ቅጂ አባዝቶ አንዱን በኔ ቦርሳ፣ አንዱን በሱ ኪስ አድርጎታል። እንጸልያለን። ሌላ የምናደርገው የለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ወልቂጤ

ደረስን። አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ጠበቁን። ሰናይት ፀጉራቸውን አበጥራላቸዋለች።

በቅድሚያ ነገርኳቸው፤ ስለ ጓሮው፣ ስለ ሦስቱ ሳምንት፣ ስለ እማማ ዘይነባ፣ ባዶ ቤት አግኝቶ ስለተመለሰው ነጋዴ። አውፍ ይበሉኝ ማለታቸውንም። እማማ በላይነሽ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እኚያን ሴት መረቋቸው፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ባላቸው የተሸሸጉበትን ግድግዳ ሳይቀር። ከዚያ «በይ ክፈቺው» አሉኝ።

ደረጀ ከፈተው። መፋቂያው መጣ፣ ሁለቱ አንጓዎች መጡ። ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዝምታው። ከዚያ የእማማ ዘይነባ ድምፅ።

መጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። ደረጀ አቆመው። ሰናይት ተጠግታ እጃቸውን ያዘች፣ እኔ የምይዘው አጥቼ ቦርሳዬን ያዝኩ። እማማ በላይነሽ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ነቅቼ ነበር እኮ» አሉ። «በሩን ሲዘጋ ሰምቼዋለሁ። አኩርፌ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት።»

ጉንጫቸው እስኪረጥብ አለቀሱ፣ ሰናይት እየጠረገችላቸው። ከዚያ ድገመው አሉት ደረጀን። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ፊታቸው የሌላ ሰው መሰለኝ፤ የተኛ ሕፃን ፊት። እኔ ያኔ ነው የተነፈስኩት።

በምናሳትመው ካሴት ላይ እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ባይፈቅዱም አልፈርድባቸውም ነበር።

«ይውጣ። እንደኔ ሳይሰናበቷት የቀረች ስንት ሴት አለች» አሉ። «ዛሬን ግን ለኔ ብቻ ተዉልኝ። ነገ የሁሉም ይሁን።»

ደረጀ የትኛውን ተጭነው እንደሚያስነሱት አሳያቸውና ማሽኑን አልጋው ጎን አስቀመጠላቸው። ማንም እንዲነካበት የማይፈልገው ማሽን ነው። ማሽኑን እሳቸው ዘንድ ትተን፣ ሰናይት፣ ደረጀና እኔ ወደ ግቢው ወጣን።