ሃያ ስድስት ፊርማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ምዝገባ አለቀ። ሬጅስትራር መስኮት ሥር ሦስት ሰዓት ቆሜ፣ ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ምሳ ወጣ። ከምሳ ሲመለስ ደግሞ ስቴፕለሩ ጠፋበት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆን ይሄ ነው እንግዲህ... ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፣ እግር ብቻ ነው ያረጀው።

አምስት ኮርስ። ከባዱ የጥናት ዘዴ። በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እሱን ያላለፈ የመመረቂያ ጽሑፍ አይጀምርም። መምህሩን "ዘጠና" ነው የምንለው። ከሠላሳው ክፍለ ጊዜ ዘጠና በመቶው ላይ ያልተገኘን ፈተና አያስቀምጥም። ሃያ ሰባት ፊርማ። ከዚያ በታች እናቱንም ቢሆን አያውቅም።

ወንድም ጋሼ ደወለ። "ስንት ወር ቀረሽ?" "ዘጠኝ።" "ዘጠኝ ወር ምን አላት! ልጅም በዘጠኝ ወር ይወለዳል" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከጀርባው ብረት ይጮኻል። እኔ እንድማር እሱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ብየዳ ገባ። አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ባያነሳውም እሰማዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ኮፒ ዛሬ ክፍል አልመጣችም። የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ከዋናው በር ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ነው ስሙ የወጣላት። ከቤት የሚላክላት ነገር ቆሟል። ሥራዋ ጠዋት ነው፣ የዘጠና ክፍልም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን መጣች፣ ከዚያ ባለሱቁ አኮረፈ።

"አንቺ ፈርሚልኝ፣ እኔ ከደብተርሽ አነባለሁ።"

እሺ አልኩ። ለጓደኛው የማይፈርም ማን አለ? ግማሹ ክፍል በሌላው ግማሽ እጅ ነው የሚማረው። ፊርማዋ ቀላል ነው... አንድ ክብ፣ አንድ ጭራ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ጥርሴ ተነቀለ። ተገላገልኩ። አሥር ቀን ሙሉ መንጋጋዬ አብጦ ሰው አልመስልም ነበር። ሦስት ክፍል አመለጠኝ። ኮፒም ሥራዋን ጥላ ክሊኒክ ስታመላልሰኝ ከረመች፣ ስለዚህ ሁለታችንም ሦስት ሦስት ቀሪ። ምንም አይደል፣ ሃያ ሰባት ይበቃል።

ሾርባ በማንኪያ እያጠጣችኝ "አንቺ ትፈርሚልኛለሽ፣ እኔ አኝክልሻለሁ" አለችኝ። ስስቅ አመመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ማን እንደሚፈተን የሚያሳየው ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ጎኑ ላይ 26።

የኮፒ 27።

የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ የመታወቂያ ቁጥሬን በጣቴ ተከተልኩ። የኔው ነው። ክፍሉን በእግሯ ሁለት ቀን የረገጠችው ትፈተናለች። እኔ አልፈተንም... እንዴት?

ረቡዕ፣ ጥር 21

ዘጠና ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋልኝ። ኅዳር 17፣ የኔ ቦታ ባዶ። ከሥሩ የኮፒ ፊርማ፣ በኔው ሰማያዊ እስክሪብቶ።

ሁልጊዜ የሷን ነው ቀድሜ የምፈርመው። ሰው ሳያየኝ ቶሎ፣ የራሴማ የት ይሄዳል እያልኩ። ያን ቀን አጠገቤ ያለው ልጅ ወረቀቱን ሳበው መሰለኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ።

"ነበርኩ፣ መምህር። ጥያቄም ጠይቄ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡትን ይጠይቁልኝ።"

"ምስክር የምሰማ ዳኛ አይደለሁም። ሦስቱ ቀሪ ለሕመም፣ ለሐዘን ብዬ የተውኩት ነው። አራተኛው የራስሽ ነው።"

መኖሬን የሚያረጋግጥ ነገር እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የኮፒን ፊርማ ነክቼ "ይሄን የፈረምኩት እኔ ነኝ" ብል... ከዚያስ? ፊርማ ማስመሰል ከትምህርት ያስባርራል። እኔንም እሷንም። አመስግኜው ወጣሁ። ምኑን እንዳመሰገንኩት እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ለኮፒ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"ሄጄ ልንገራቸው።"

"አርፈሽ ተቀመጪ። አንቺም አብረሽኝ ብትወድቂ ምን ይጠቅመኛል?"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

እሺ አለች። ቶሎ ነው እሺ ያለችው። አንዴ ደግማ ብትጠይቀኝ ምን እል ነበር? አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ፈተና። ኮፒ በኔ ደብተር አጥንታ፣ በኔ እርሳስ ተፈተነች። እኔ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ንጹሑንም አጠብኩት።

እሑድ፣ የካቲት 2

ወንድም ጋሼ ደወለ። ምረቃው ላይ ስንት ሰው እንደሚያስገቡ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። "ግድ የለም፣ እኔ በር ላይም ቢሆን ቆሜ አይሻለሁ።"

ዓመቱ እንደተቃጠለ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው። እስከ መቼ ነው ግን የሚፈጀው?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ውጤት ወጣ። ኮፒ ቢ ፕላስ።

ፊት ለፊቴ ደስታዋን ዋጥ አደረገችው። ያናደደኝ መዋጧ ነው። "ደስ ይበልሽ እንጂ! የኔን ዓመት ነው የወሰድሽው፣ በደንብ ተጠቀሚበት" አልኳት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ ግን አልመለስኩትም። ደስ ብሎኝም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ኮፒ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናግራ መጣች። ሳትነግረኝ!

"ያን ቀን መኖርሽ ከታወቀ ሃያ ሰባት ይሞላልሻል፣ ለብቻሽ ይፈትኑሻል ብዬ ነው።"

"ማን አለሽ?"

"ማንም... እንዲያ መሰለኝ።"

ፈተናው ካለፈ ሁለት ሳምንት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ትናንት ያልኳትን ባልላት ትሄድ ነበር? እኔው ነኝ የላክኋት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ አምስት የውኃ ጠርሙስ። እኛ ውኃ አልተሰጠንም። ዘጠናም ጫፉ ላይ ተቀምጧል።

"ስንት ጊዜ ፈረምሽላት?"

"ሃያ አምስት።"

"ቁጥሩን በትክክል ታውቂዋለሽ?"

"አዎ።"

ኮፒ ተነስታ "የለመንኳት እኔ ነኝ" አለች። ተቀመጪ ተባለች። ውጭ አስጠበቁን፣ መልሰው አስገቡን። ውጤቷ ተሰርዞ ለእሷ አንድ ዓመት እገዳ። ለኔ ሁለት።

"ለምን ሁለት?" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ክፋት የላትም፣ ደክሟት ነበር። "ጥቅሙ የሷ ነው፣ ልጄ። እጁ ግን ያንቺ ነው።"

ስንወጣ ዘጠና ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። "ኅዳር 17 እንደነበርሽ አሁን አምኛለሁ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ክሊራንስ። ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ዶርም፣ ስፖርት... ስምንት ቢሮ፣ ስምንት ማኅተም። በአራት ዓመት ኳስ ነክቼ ለማላውቀው ለኔ፣ የስፖርት ክፍሉ ሰውዬ መዝገቡን ሁለቴ አገላብጦ "ያልመለሰችው ኳስ የለም" ብሎ ፈረመልኝ።

ከኮፒ ጋር አንሶላዎቹን አጠፍን። እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። በሩ ላይ "ደውይልኝ እሺ" አለች። እሺ አልኩ። እንደማልደውል ሁለታችንም እናውቃለን። እወዳታለሁ። ላያት ግን አልችልም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ከወንድም ጋሼ ጋር ነኝ። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀልኝ፣ እሱ እዚያው ሥራ ቦታው ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። የወረቀት ስህተት ነው፣ ሲስተካከል ይደውሉልኛል ብዬዋለሁ። አመነኝ። ምን ያላመነኝ ነገር አለ?

ለሚመጣ ለሚሄደው ደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል። "እህቴ ናት። ተማሪ ናት፣ ለእረፍት መጥታ ነው።"

ሰኞ ሰኞ፣ ቢሮ ሲከፈት "ደወሉ?" ይለኛል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

"ደወሉ?" "ገና።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

"ደወሉ?" "ገና።" እነሱም እኮ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ አለ። ይሟገትላቸዋል እንኳ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ጠዋት ስነሳ ነጭ ሸሚዝ ተተኩሶ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። "ነገ ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። አንቺ ሰው ማስቸገር አትወጂም።"

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኩት። ፊርማውን፣ ባዶውን ቦታ፣ ኮፒን ያልኳትን፣ ሁለቱን ዓመት። ማሽኑን አጠፋ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ በወደድኩ።

"እንዴት ያለ ነው ፊርማዋ?" አለ።

ጠመኔውን ሰጠኝ። በር ሊያደርገው የቆረጠው ላሜራ ላይ ፈረምኩለት። ክብ፣ ጭራ።

"አላመነታሽም።"

"ሃያ አምስት ጊዜ ነዋ።"

"ያንቺስ?"

የራሴን ፈረምኩ። መሃል ላይ ጠመኔው ተሰበረ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብዙ አያቸው። እኔ መሬት መሬት። ከዚያ በመዳፉ ሁለቱንም ጠረገና "ይሄ በር እስከ አሥር ሰዓት ይፈለጋል" አለ። መነጽሩን አወረደ። ሸሚዙን ማን እንዳነሳው አላየሁም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሚስማሩ ባዶውን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባለበሩ መጣ። እኔን አየና "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለው።

"እህቴ ናት" አለ ወንድም ጋሼ።

እንደ ወትሮው ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን መምታት ጀመረ።